ማንን ልጠይቅ?

ትልልቅ ችግሮች አድራሻ አላቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ አለ፤ ሌባ ሲገባ ፖሊስ፣ ድንበር ሲያጣላ ፍርድ ቤት፣ ነፍስ ስትጨነቅ የንስሐ አባት ወይም ሼኹ አሉ። ሰው ሲሞትም ዕድሩ ድንኳኑን ተሸክሞ ከች ይላል። አድራሻ ያጡት ትንንሾቹ ናቸው። እንጀራው ዓይን አላወጣም። ምጣዱ እንጀራውን ይዞ አልለቅ ብሏል። ሽንብራውን ነቀዝ ጨርሶታል። ከቧንቧው ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳል። አማት ነገ ይመጣሉ፤ የወሩ አስቤዛ ግን ዛሬ አልቋል። ለእነዚህ ማን ዘንድ ይኬዳል? አቤቱታ እንዳይጻፍባቸው ያሳፍራሉ፤ ችላ እንዳይባሉ በየቀኑ ይመጣሉ። የሰው ዕድሜ ደግሞ በአብዛኛው የሚያልቀው ከእነዚሁ ጋር ሲታገሉ ነው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። ይህን አባባል ስለ ፍቅር የተነገረ አድርገን እንጠቅሰዋለን። ለእኔ ግን ስለ ዕውቀት የተነገረ ይመስለኛል። የሩቁ ዘመድ ያዝንልናል፤ የቅርቡ ጎረቤት ግን ቤታችንን ያውቀዋል። ጣሪያው በየት በኩል እንደሚያፈስ፣ ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ደመወዝ በተቀበልን በስንተኛው ቀን ኪሳችን እንደሚደርቅ ያውቃል። የሚመክረን ይህን ሁሉ ይዞ ነው።

ያደግሁት ጉለሌ ውስጥ በነበረ አንድ ግቢ ነው። ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ በቆርቆሮ የተከለለ አንድ የጋራ ማድ ቤት። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ በቀበሌ እጅ የገቡ እንዲህ ያሉ ግቢዎች በአዲስ አበባ ሞልተው ነበር። ስለ ጥበታቸውና ስለ ጭቃቸው ብዙ ስለተባለ እኔ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ በዚያ ግቢ ችግር የሚደበቅበት ግድግዳ አልነበረም። የአንዱ ቤት ሽሮ ሲያር ስድስቱም ቤት ይሸተዋል። የአንዱ ልጅ ሌሊት ሲያስል ስድስቱም ቤት ይቆጥራል። ስለዚህ ጠያቂው አፉን ሳይከፍት ጥያቄው ቀድሞት ቧንቧው ዘንድ ይደርሳል።

ከግቢው ሰዎች ሁሉ ብዙ የሚጠየቁት አንዲት ሴት ነበሩ። እኛ ልጆቹ እትዬ ብቻ እንላቸው ነበር። ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን ሲመክሩ የሚከተሉት ሥርዓት ነበራቸው፤ ይህንንም ሥርዓት ከዚያ በኋላ በብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። እትዬ ሲጠየቁ አይመልሱም። መልሰው ይጠይቃሉ።

«እትዬ፣ እንጀራዬ ዓይን እምቢ አለኝ» ትላቸዋለች እናቴ፣ ቡናው ላይ።

«ጤፉን ከየት ገዛሽው?»

«ከዚያው ከምገዛበት።»

«ሊጡ ስንት ቀን አደረ?»

«ሦስት።»

«አብሲቱን ስትመልሺው በርዶ ነበር ወይስ እንደ ፈላ ነው የጨመርሽው?»

«ኧረ በርዶ ነበር፣ እትዬ።»

በዚህ ጊዜ ስኒያቸውን አስቀምጠው ይነሳሉ። ማድ ቤት ገብተው የሊጡን ክዳን ያነሳሉ፤ ያሸታሉ፤ ጣታቸውን ነክረው ይቀምሳሉ፤ ምጣዱን በመዳፋቸው ዳሰስ ያደርጋሉ። «ይኼ ሊጥ ገና ነው ልጄ። ሐምሌ እኮ ነው፤ ብርድ ይዞታል። አንድ ቀን ጨምሪለት፤ ከግድግዳውም አርቂው» ይላሉ። በሌላ ሳምንት ሌላዋ ጎረቤት ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱ ሌላ ነው፤ ምጣዱ አዲስ ነውና በጎመን ዘር ደኅና አድርጎ አልሟሸም። ሦስተኛይቱ ደግሞ አብሲቱን ሳይበርድ ቸኩላ መልሳዋለች። ጥያቄው አንድ፣ ቤቱ ሦስት፣ መልሱም ሦስት።

እትዬ በዚህ አያበቁም። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ይቆማሉ። «እስቲ የትናንቱን አሳዪኝ» ይሉና እንጀራውን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል፤ ቆርሰውም ይቀምሳሉ። የግቢው ቀልደኛ ሽማግሌ «እትዬ ምክር የሚሸጡት በቁርስ ነው» ይል ነበር። ይበል። እኔ ግን የእትዬ ምክር ዋጋው ያለው በዚያች የጠዋት ጉብኝት ላይ ነው እላለሁ። የመከሩት ነገር ካልሠራ በዚያው ቧንቧ ላይ፣ በዚያው ቡና ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ስለዚህ የማያውቁትን አይናገሩም፤ የተናገሩትንም ጥለው አይሄዱም።

እንግዲህ ምክር ሦስት ነገር ይፈልጋል ማለት ነው። አንደኛ ጉዳዩን ማወቅ፣ ሁለተኛ የጠያቂውን ቤት ማወቅ፣ ሦስተኛ በማግስቱ ተመልሶ ማየት። የመጀመሪያው ዛሬ እንደ ልብ ነው። ሁለቱ ናቸው የተወደዱት።

ይህን ስል የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር ማለቴ አይደለም። አንባቢ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲያነብ «ደግሞ የድሮ ሰፈር ናፍቆት!» ብሎ ገጹን እንደሚገልጥ አውቃለሁ፤ አይፈረድበትም። በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ በምክር ስንት ሕፃን ተጎድቷል። እንጥሉን ያስቆረጡት አለ፤ ያልበቀለ ጥርሱን በስለት ያስወጡት አለ። የተቃጠለ እጅ ላይ ቅቤ ቀቡበት፣ ቡና ነሰነሱበት፣ የጥርስ ሳሙና ለጠፉበት፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ደቂቃ ማፍሰስ ብቻ ይበቃ በነበረበት ሰዓት። መካሪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። እነርሱም የተመከሩትን ነው የመከሩት።

ሆኖም ስሕተቱ የሚታረምበት መንገድ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤታችን የሦስት ዓመት ልጅ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ አንስቶ ጠጣ። ግቢው በጩኸት ተናወጠ። አንዷ «ጣትሽን ጉሮሮው ውስጥ ክተቺና አስመልሺው!» ትላለች፤ ሌላዋ የጨው ውኃ በጥብጣ መጣች። ከወዲያኛው ቤት የሚኖር አንድ ድሬሰር ነበረ፤ የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ ተኝቶ ኖሮ በባዶ እግሩ ወጣ። የጨው ውኃውን ከሴትዮዋ እጅ ነጥቆ ደፋው። «ማንም እንዳያስመልሰው! ላምባ ወደ ሆድ ሲገባ ከሚጎዳው ይልቅ ሲመለስ ወደ ሳምባ ገብቶ የሚጎዳው ይብሳል» አለና ልጁን ታቅፎ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። ልጁ ተረፈ።

ከዚያ ቀን በኋላ በግቢያችን ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ የሚያስቀምጥ አልተገኘም። ማስታወቂያ አልተለጠፈም፤ ስብሰባም አልተጠራም። ሁሉም በዓይኑ ስላየ ብቻ ሕግ ሆነ። አዲስ ተከራይ ሲገባ ጠርሙሱን የሚፈትሹት እትዬ ነበሩ፤ ያን ቀን «አስመልሱት!» ካሉት መካከል አንዷ እርሳቸው ነበሩና። ማንም አላስታወሳቸውም። እርሳቸውም ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ጠርሙሱን ብቻ ይፈትሹ ነበር።

በማግስቱ ታይቶ የማይታረም ምክርም አለ። አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ «አንዲት ጓደኛዬ ባሏ ይመታታል፤ ምን ብመክራት ይሻላል?» ብላ ጠየቀች። ያቺ ጓደኛ ማን እንደሆነች ከሲኒዎቹ በቀር የማያውቅ አልነበረም፤ ግድግዳው የማይደብቅ ነው ብያለሁ። መልሱ ምን ነበር? «ቻዪው በያት፤ ለልጆቿ ስትል» የሚል። ይህን የመለሱት ጭካኔ ኖሮባቸው አይመስለኝም። በዚያ ቡና ላይ የተቀመጡት ሁሉ ነገ ጠዋት ባልየውን ቧንቧ ላይ ያገኙታል፤ እነርሱም ባሎች አሏቸው። ቅርበት ዕውቀት እንደሚሰጥ ሁሉ ፍርሃትም ይሰጣል። ያችን ሴት ያወጣቻት ከሌላ ሰፈር የመጣች እህቷ ናት፤ «ልብስሽንና ልጆችሽን ይዘሽ ነዪ፤ አልጋው ይበቃናል» አለቻት። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በግልጽ ወንጀል ብሎታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከግቢ መውጣት አለበት፤ ከቧንቧው ፖለቲካ ነፃ የሆነ ጆሮ ያስፈልገዋል። ለእንጀራ ግን፣ ለላምባና ለምጣድ፣ ከጎረቤት የሚሻል አላየሁም።

ከዚያ ግቢ ወጥተን ኮንዶሚኒየም ገባን። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ስንቱን ሰው ከቀበሌ ቤትና ከደባልነት አውጥቶ የራሱ በር ባለቤት እንዳደረገው እኔው ምስክር ነኝ። የራስ ሽንት ቤት፣ የራስ ቆጣሪ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ዕጣ ነውና የሚያገናኘው ማንም ማንንም አያውቅም። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከጎፋ፣ አንዱ ከክፍለ ሀገር። በሩ ብረት ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው። የአንዱ ሽሮ ሲያር ለሌላው አይሸተውም። ሁሉም ግን ከእናቱ ግቢ የመጣ ምክር በራሱ ውስጥ ይዟል። ምክሩ ሲጓዝ የተመከረበትን ቤት ጥሎት መጥቷል።

ይህ ነገር ሊያስከትል የሚችለውን ያየሁት በአንድ የነሐሴ ማታ ነው። ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ያገባች ልጅ ትኖር ነበር። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ መብራት ጠፍቷል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማረቻትን አደረገች። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጠለች፤ ጭሱ እስኪያልቅ፣ ፍሙ ቀይ እስኪሆን ጠበቀች፤ ከዚያ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋ ላይ ጋደም አለች። «ጭሱ ካለቀ ከሰል አይጎዳም» ነው ምክሩ። እናቷ አልዋሸቻትም። እናቷ የምትኖረው ጣሪያና ግድግዳ በማይገናኙበት፣ ነፋስ በየቀዳዳው በሚያፏጭበት የጭቃ ቤት ነው። በዚያም ቤት ቢሆን ከሰል ሰው አልገደለም ማለት አይደለም፤ ግን ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ያድን ነበር። የኮንዶሚኒየሙ መስታወት ግን ሲዘጋ ተዘጋ ነው።

የጋመ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፤ መልክ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ቀምቶ ይይዛል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ስለዚህ «ትንሽ ልረፍ» ይልና ይተኛል።

ያችን ልጅ ያተረፋት እርሾ ነው። ከፊት ለፊቷ የሚኖሩ እናት ሊጥ ሊያቦኩ ፈልገው እርሾ ቢያጡ በሯን አንኳኩ። ባትከፍት ተመልሰው ሊሄዱ ነበር። ግን የሞባይሏ ጥሪ ከውስጥ ሲጮህ ሰምተዋልና እንደገና አጥብቀው ደበደቡ። ልጅቷ ግድግዳ ይዛ፣ እግሯ እየተሳሰረ መጥታ ከፈተችና እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ጩኸቱን ሰምተን እኛም ወረድን። መስኮቱን ከፈትን፤ ምድጃውን አወጣን፤ እርሷን ደግፈን ወደ ደጅ አየር አውርደን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሌሊቱን ኦክስጅን ተሰጥቷት በማግስቱ ተመለሰች። እስከዚያች ማታ ድረስ ከዚያች ልጅ ጋር በደረጃ ላይ «ደኅና ዋልሽ» ከመባባል ሌላ አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም ነበር።

ዛሬ ጥያቄ ሲኖረን ስልካችንን እናወጣለን። በቴሌግራም፣ በቲክቶክ የሚመክር ሞልቷል። አንድ ጥያቄ ሲወረወር ሠላሳ ሰው ይመልሳል፤ ከሠላሳው አንዱ እንኳ መልሶ አይጠይቅም። «ሽንት ቤቱ አልነጻ ብሎኛል» ላለች ሴት «በረኪናውን ከአሲዱ ጋር ቀላቅለሽ አፍሺበት፤ ቦግ ይልልሻል» የሚል መልስ በዓይኔ አንብቤያለሁ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ሳምባ የሚያቃጥል፤ በጠባብና መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው የሚጥል። መካሪው ይህን አያውቅም ይሆናል። ነገ ጠዋት በሯ ላይ ቆሞ «እስቲ የትናንቱን አሳዪኝ» ስለማይል መቼም አያውቀውም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን። መክሮ ለጠፋው መካሪ ግን ተረት አልተረትንለትም።

ጥፋቱ የስልኩ ነው እንዳልል ደግሞ እናቴ ትከለክለኛለች። የአክስቴ ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን በድምፅ መልእክት «አክስቴ፣ እዚህ እንጀራ ጋግሬ ዓይን አላወጣ አለኝ፤ ኮምጣጣ ብቻ ይሆናል» ብላ ላከች። እናቴ ወዲያው አልመለሰችላትም። «ዱቄቱ ምንድን ነው? ማድ ቤቱ ይሞቃል? ስንት ቀን ነው የምታሳድሪው?» ብላ ላከች። የስንዴና የሩዝ ዱቄት ነው፤ ማድ ቤቱ እንደ ምድጃ ነው፤ የምታሳድረው እንደ አገር ቤት ሦስት ቀን ነው። «አዪ ልጄ! በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን ምን ያደርጋል? ማታ አቡክተሽ በማግስቱ ጋግሪው። ስትጨርሺ ፎቶውን ላኪልኝ» አለቻት። በማግስቱ ፎቶው መጣ፤ ዓይናማ እንጀራ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ልክ እትዬ ያደርጉት እንደነበረው። ቀይ ባሕር ሳያግዳት የሰው ማድ ቤት ገብታ ወጣች።

ርቀት ብቻውን ምክርን አይገድልም ማለት ነው። የሚገድለው አለመጠየቅና አለመመለስ ነው። ዛሬ ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነስቶ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። አሮጌው ቆርቆሮ ይቅር፤ ማንም አያለቅስለት። ነገር ግን ማን ልብ እንደሚያመው፣ ማን ስኳር እንዳለበት፣ የማን ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ እንደሚከት የሚያውቀው ጎረቤት አብሮ በአንድ መኪና አልተጫነም። ይህ ዕውቀት በካሳ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ከዜሮ የሚጀመር ነው።

በየብሎኩ ዕድር አቋቁመናል፤ ደግ አደረግን። ለሞታችን ተደራጅተናል ማለት ነው። ለእንጀራችን ግን ገና ነን። በወሩ መጨረሻ መዋጮ ለመክፈል ስንሰበሰብ፣ ስሞች ተጠርተው ካለቁ በኋላ፣ አንድ ሩብ ሰዓት ብንጨምር ምን ይጎድልብናል? የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ስለሚስብ ሶኬቱን ያቀለጠበት ሰው እንዴት እንዳስተካከለው ይንገረን። ነርስ የሆነችው ጎረቤታችን የትኛው በር የእርሷ እንደሆነ እንወቅ። ሕፃን ያለበት ቤት ላምባውንና በረኪናውን የት እንደሚያስቀምጥ እንነጋገር። ከሰል የሚያስገባ ሰው መስኮቱን ይከፍት እንደሆነ እንጠያየቅ።

ለአንባቢ እኔም እንደ ደንቡ አንድ ምክር ልስጥ፤ ግን ቤትዎን ስለማላውቅ አጭር አደርገዋለሁ። የሚጠይቁ ከሆነ ቤትዎን ሳይደብቁ ይጠይቁ፤ «አንዲት ጓደኛዬ» ማለት ጥያቄውን ያጎድለዋል። የሚጠየቁ ከሆነ ደግሞ ከመመለስዎ በፊት ሦስት ጊዜ መልሰው ይጠይቁ፤ በማግስቱም ጎራ ብለው ይዩ። ቁርስ ቢቀርብልዎ አይግደርደሩ።